ዝናምን በጽዋው የሚቀበል ተክል፦ ስለ ብሮሜሊያድ አያያዝ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አናናስ ያልቀመሰ ወይም በገበያ ተቈልሎ ያላየ ሰው በዚህ ጉባኤ መካከል ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ነገር ግን ይህ በሲዳማ ጓሮ የሚበቅለውና በአውራ ጐዳና ዳር ለመንገደኛ የሚሸጠው ፍሬ፣ በአበባ መሸጫ ሱቆች መስኮት ላይ ቀይና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ሐምራዊ ሆነው የሚታዩት የብዙ ጌጠኛ ተክሎች የቅርብ ዘመድ መሆኑን፣ ተክሎቹን ገዝተው ወደ ቤታቸው ከሚወስዱት ሰዎች መካከል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ነገዱ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ብሮሜሊያድ ተብሎ ይጠራል፤ ከ3,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ከአንዱ በስተቀር የሁሉም የትውልድ ስፍራ የአሜሪካ ምድር ነው። ያ አንዱ ግን፣ ከረጅም ዘመናት በፊት ዘሩ ውቅያኖሱን ተሻግሮ፣ በእኛው አህጉር በጊኒ ተራሮች አለት ላይ ሥር የሰደደው ፒትኬርኒያ ፌሊቺያና ነው፤ በ1937 ያገኘው አንሪ ዣክ ፌሊክስ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ ተክሉም ስሙን ከእርሱ ወርሷል። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።)

ስለ ዘር ሐረጋቸው ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል፤ የዛሬው ቁም ነገሬ እነዚህ ተክሎች በቤታችን እንዴት ይኑሩ የሚለው ነው። ሰው ብሮሜሊያድን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ፣ ከሳሎኑ በክብር ቦታ አኑሮ፣ ጧትና ማታ እየጐበኘው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሥሩ በስብሶ ሲያገኘው፣ ወይም አበባው ሲጠወልግ ዘመኑ አለቀ ብሎ ከጥራጊ ጋር ሲያወጣው ባየሁ ቍጥር አዝናለሁ፤ ይህን የሚያደርገው ተክሉን የሚወድ፣ ነገር ግን ባሕርዩን የሚያስረዳው ሰው ያላገኘ ባለቤት ነውና። ባሕርዩንም ለማወቅ፣ ተክሉ የተወለደበትን ዛፍ በዓይነ ኅሊና ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ታሪኩ ጥቂት እላለሁ። አውሮፓውያን ከነገዱ ጋር የተዋወቁት በአናናስ ነበር፤ ኮሎምቦስ በሁለተኛ ጕዞው፣ በኅዳር 1493 በጓዴሉፕ ደሴት ላይ ይህን ፍሬ አገኘ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴ፣ በንጉሡ በሉዊ 14ኛ ትእዛዝ የአንቲል ደሴቶችን ዕፀዋት ሲመረምር፣ ከእነዚህ ተክሎች ለአንዱ ወገን በስዊድናዊው ሐኪም በኦሎፍ ብሮሜሊዩስ ስም ብሮሜሊያ የሚል መጠሪያ አወጣለት፤ ሊኔዎስም በ1753 ይህንኑ ስም አጸደቀው። በ19ኛው መቶ ዓመት፣ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ ኤድዋር ሞረን የተባለው መምህር በመስታወት ቤት እያሳደገ ሲያጠናቸው፣ የአውሮፓ ባለጸጎችም በየእልፍኛቸው ያኖሯቸው ጀመር። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ መልፎርድ ፎስተር የተባለው አሜሪካዊ ከባለቤቱ ከራሲን ጋር በብራዚል ጫካዎች እየዞረ ብዙ አዲስ ዝርያዎችን ሰበሰበ፤ በ1950ም የብሮሜሊያድ ማኅበር ተመሠረተ።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። በብራዚል ጠረፍ ባለው የዝናም ደን ውስጥ፣ የትላልቁ ዛፍ ቅርንጫፍ ባዶውን አይኖርም፤ በላዩ ላይ የዛፍ ሽበት፣ ፈርን፣ ኦርኪድና ብሮሜሊያድ ተደራርበው ይኖሩበታል። እኛም በከፋና በሐረና ደን ይህን የመሰለ ኑሮ የሚኖሩ ኦርኪዶችና ፈርኖች ስላሉን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ የዛፉን ደም የሚመጥ ጥገኛ አድርጎ ይቈጥረዋልና፣ ብሮሜሊያድ ከዛፉ አንዳች ምግብ እንደማይወስድ በግልጽ መናገር ይገባል፤ ከዛፉ የሚፈልገው መቆሚያ ስፍራና ከብርሃን የሚያቀርበው ከፍታ ብቻ ነው። ሥሩ ቅርፊቱን ጨብጦ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ፣ የመብልና የመጠጥ አገልግሎቱ እጅግ ትንሽ ነው።

እንግዲህ ምግቡና ውሃው ከወዴት ይመጣል ብትሉ፣ መልሱ በቅጠሎቹ አሠራር ላይ ነው። ቅጠሎቹ ከአንድ ማእከል ዙሪያውን ተነሥተው፣ ግርጌያቸው አንዱ በአንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለሚደራረብ፣ በመካከላቸው ውሃ የማያፈስ ጽዋ ይፈጠራል፤ እያንዳንዱም ቅጠል ጐድጐድ ብሎ እንደ ቤት አሸንዳ የተሠራ በመሆኑ፣ በጫፉ ላይ ያረፈችው የዝናም ጠብታ ሳትባክን ወደዚያ ጽዋ ትወርዳለች። ከላይ ከሚረግፈው ቅጠል፣ ከአቧራውና ከሞቱት ነፍሳት የሚወጣው ምግብ በዚሁ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ተክሉም በቅጠሉ ግርጌ ይመጠዋል።

በቅጠሉ የሚመጥበት መሣሪያ በዓይናችን ልናየው የምንችለው ነው። በአበባ ሱቆች ዘንድ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ኤክሚያ ፋሺያታ ይባላል፤ የብራዚል ተወላጅ ነው፤ ሰፊና ጠንካራ ቅጠሎቹ በብር ቀለም መስመሮች አግድም የተሸለሙ ናቸው። ይህን ተክል በእጃችሁ ያላችሁ እንደ ሆነ ጣታችሁን በቅጠሉ ላይ በቀስታ አሳልፉ፤ ብሩ ነጭ ዱቄት ሆኖ በጣታችሁ ላይ ይቀራል፤ በስፍራውም አረንጓዴው ቅጠል ይገለጣል። በአጕሊ መነጽር ብትመለከቱት፣ ያ ዱቄት የመሰለው ነገር እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ቅርፊቶች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱም ቅርፊት መካከሉ ከቅጠሉ ሕዋሳት ጋር የተያያዘ፣ ዙሪያው ግን የተዘረጋ ሲሆን፣ ውሃ ሲነካው ጠጥቶ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፣ ሲደርቅም ተከድኖ እርጥበቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥቂት የውሃ ጠብታ ብታፈሱበት፣ ቅርፊቶቹ ውሃውን ጠጥተው ብርሃን የሚያሳልፉ ስለሚሆኑ፣ ግራጫው ቅጠል በዓይናችሁ ፊት ሐመልማል ይሆናል። ይህን የቅጠል ልብስ ለማጥራት ብሎ በጨርቅ አጥብቆ የሚያሽ ወይም ዘይት ቀብቶ የሚያንጸባርቅ ሰው፣ የተክሉን አፍ እየዘጋበት መሆኑን ይወቅ።

በጫካ ውስጥ ጽዋው የብዙ ፍጥረት ማደሪያ ነው። ክሎዶሚሮ ፒካዶ የተባለው የኮስታ ሪካ ሊቅ በ1913 ባሳተመው ጥናቱ፣ በዚህ ውሃ ውስጥና በዙሪያው የሚኖሩትን እንስሳት ሲቈጥር 250 ያህል ዓይነት አገኘ። በዚያው አገር አንዲት ቀይ እንቍራሪት ትገኛለች፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ዛፍ ላይ ወጥታ በብሮሜሊያድ ጽዋ ውስጥ ታኖረዋለች፤ ከዚያም በየጊዜው እየተመላለሰች፣ ለምግቡ እንዲሆነው ያልጸነሰ እንቍላል ትጥልለታለች። በጃማይካ ደግሞ ግልገሎቹን በዚሁ ውሃ የሚያሳድግ የሸርጣን ዓይነት አለ። ፈጣሪ ለፍጥረቱ ያዘጋጀው መጠለያ ብዛቱና ረቂቅነቱ፣ አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ከታየ፣ ደኑ ሲቈረጥ የሚጠፋውን ነገር ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል!

ነገር ግን ይኸው ጽዋ ለሰው መከራ የሆነበት አገርም አለ። በትሪኒዳድ ደሴት፣ የካካዎ ተክል ጥላ እንዲያገኝ ተብሎ የእኛው ኮርች ዘመድ የሆኑ ትላልቅ ዛፎች በእርሻው ውስጥ ተተክለው ነበር፤ በእነርሱ ቅርንጫፎች ላይ ብሮሜሊያዶች በብዛት ሰፈሩ፤ በጽዋዎቻቸውም አኖፌለስ ቤላቶር የምትባለው ትንኝ ተራባ የወባን በሽታ በሠራተኛው ላይ አዛመተች። በ1940ዎቹ ዓመታት ኮሊን ፒተንድራይ የተባለው ተመራማሪ የትንኟን አኗኗር በጥንቃቄ ሲያጠና፣ ተክሎቹን ለማጥፋት የመዳብ ሰልፌት በውሃ ተበጥብጦ በዛፎቹ ላይ ይረጭ ጀመር፤ መድኃኒቱ ዛፉን ሳይጐዳ ብሮሜሊያዶቹን ፈጃቸው፤ ለመጠጣት የተዘጋጀው ቅጠላቸው መርዙንም እንደ ውሃው ሳይመርጥ ጠጥቶታልና።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆኑ ሁለት ነገሮች እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ወደዚህ ተክል ከቶ መቅረብ እንደሌለበት፣ ውሃውንም በመዳብ ዕቃ አኑሮ ማጠጣት እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ በድሬዳዋ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በመሳሰሉት ሞቃት ከተሞች የምትኖሩ ሁሉ፣ በጽዋው ውስጥ ያለውን ውሃ ከሳምንት በላይ እንዳታቈዩት ነው፤ የትንኝ እጭ ከእንቍላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከሳምንት የማያንስ ጊዜ ይፈጅበታልና፣ በየአምስት ወይም በየስድስት ቀኑ ማሰሮውን ዘንበል አድርጎ ደፍቶ አዲስ ውሃ የሚሞላ ሰው ከዚህ ስጋት ነጻ ነው። በደጋም ቢሆን ውሃውን አለመቀየር ያገማዋል፣ የቅጠሉንም ልብ ያበሰብሳል።

ስለ ውሃው ዓይነት ትንሽ ልናገር። ከጕድጓድ የሚወጣው ብዙ ኖራ ያለበት ውሃ በቅጠሉ ላይ በደረቀ ቍጥር ነጭ ቅሪት ይተዋል፤ ቅሪቱም ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸውን ቅርፊቶች ይደፍናል። ስለዚህ በክረምት ወራት ንጹሕ ባልዲ በግቢ አኑሮ ከሰማይ በቀጥታ የወረደውን ዝናም ማጠራቀም፣ ለዚህ ተክል ከሚደረገው ቸርነት ሁሉ የሚበልጠው ነው። ጽዋው ዘወትር እስከ ሲሶው ወይም እስከ እኩሌታው ቢሞላ በቂ ነው፤ ብርድ በሚበረታበት ጊዜ ግን መቀነስ ይገባል። አፈሩን በተመለከተ፣ ጣት አስገብቶ መድረቁን ሳያረጋግጡ ውሃ መጨመር ተክሉን የሚገድል ፈጣን መንገድ መሆኑን፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ እንዳትረሱት እለምናችኋለሁ።

ማሰሮውም በዚሁ ምክንያት ትንሽ መሆን አለበት፤ ለአንድ ሙሉ ኤክሚያ አፉ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ ማሰሮ ይበቃዋል፤ ሸክላው ክብደት ስለሚሰጠው እንዳይገለበጥም ይረዳል። በውስጡ የአትክልት ቦታ ጥቍር አፈር መሙላት ሥሩን ማፈን ነው፤ የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት፣ ደቃቅ ከሰል፣ ቀዳዳማ የሆነ ቀላል ድንጋይና ጥቂት የበሰበሰ ቅጠል ተቀላቅለው አየር በመካከላቸው እንዲመላለስ ይደረግ። ማዳበሪያ መስጠት የሚወድ ሰው፣ በዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ብቻ በውሃ በጥብጦ በወር አንድ ጊዜ ቢያጠጣ ከበቂ በላይ ነው፤ ይህ ተክል የተፈጠረው በድህነት ለመኖር ስለ ሆነ፣ ምግብ ሲበዛበት ቅጠሉ ይረዝምና ይለሰልሳል፣ ኒዮሬጌሊያ የተባለው ወገንም ደማቅ ቀለሙን አጥቶ ተራ አረንጓዴ ይሆናል።

ወደ ብርሃኑ ጕዳይ ስንመጣ፣ ለነገዱ ሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ የለም፤ ሆኖም ቅጠሉን ዳስሶ መፍረድ ይቻላል። ቅጠሉ ጠንካራ፣ ግራጫና ጠርዙ እሾኻም የሆነ፣ እንደ ኤክሚያና እንደ ኒዮሬጌሊያ ያለው፣ ብዙ ብርሃን ይወዳል፤ የጧት ፀሐይም ቢያገኘው ደስ ይለዋል። ቅጠሉ ስስ፣ ለስላሳና እሾኽ የሌለው፣ እንደ ጉዝማኒያና እንደ ቭሪዝያ ያለው ግን በጫካው ዝቅተኛ ክፍል በጥላ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ በደብዛዛ ብርሃን መኖር ይችላል። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ፣ በከተማይቱ ከፍታ የተነሣ ኃይለኛ በመሆኑ፣ በመስታወት ውስጥ አልፎ ሲያርፍበት ሁለቱንም ያቃጥላል፤ የተቃጠለውም ስፍራ ቡናማ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይድንም።

ሙቀቱ ከ15 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ደጋው ላይ ብርዱ ሲጠና፣ በመስኮት ደፍ ላይ ያለውን ተክል ወደ ክፍሉ መካከል መመለስ ያስፈልጋል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን በተለይ ጉዝማኒያ ይጐዳል። በሌላ በኩል፣ ኤክሚያና አናናስ መጠነኛ የሆነ የሌሊት ቅዝቃዜ ይስማማቸዋል፤ ምክንያቱም እነርሱ ከአብዛኞቹ ዕፀዋት በተለየ በመዓልት አየር አያስገቡም፤ ቀን ውሃቸው እንዳይተን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ይውላሉ፤ ሌሊት ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብለው በአሲድ መልክ ያከማቻሉ፤ በነጋታውም በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግብ ያደርጉታል። ኤክሚያ ባለቤቱ ለሁለት ሳምንት ቤቱን ዘግቶ ቢሄድ እንኳ ሳይጐዳ የሚጠብቀው በዚህ ጥበብ ነው፤ ለጀማሪም ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን የቅጠሉን እሾኽ ማሰብ ይገባል።

ጽዋ የሌላቸውም አሉ። ቲላንድሲያ የተባለው ወገን በአብዛኛው አፈርም ማሰሮም አይፈልግም፤ በእንጨት ላይ ታስሮ ወይም በክር ተንጠልጥሎ፣ በቅጠሉ ላይ ባሉት ቅርፊቶች ብቻ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይኖራል። ከእነዚህ አንዱ፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ከባሉጥ ዛፍ ላይ እንደ ሽበት ተንዠርግጎ የሚታየው ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን ደርቆ የፍራሽና የመኪና መቀመጫ መሙያ ይሆን ነበር። ቲላንድሲያን በቤቱ የሚያኖር ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል በውሃ ውስጥ ያጥልቀው፤ ከዚያ በኋላ አራግፎ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንዲደርቅ ነፋስ ባለበት ቁልቁል ዘቅዝቆ ያስቀምጠው፤ በልቡ ውሃ ቋጥሮ ያደረ እንደ ሆነ ይበሰብሳል።

አሁን ሁሉ ወደሚጓጓለት ወደ አበባው እንድረስ። በሱቅ ያስደነቃችሁ ደማቅ ነገር በእውነት አበባው አይደለም፤ አበባውን የሚያቅፉ፣ ቀለም የለበሱ ቅጠሎች ናቸው። በኤክሚያው ሮዝማ ራስ ላይ ቀረብ ብላችሁ ብትመለከቱ፣ እውነተኞቹ አበቦች ጥቃቅንና ሰማያዊ ሐምራዊ ሆነው በእሾኻማዎቹ ቅጠሎች መካከል ብቅ ሲሉ፣ ብዙም ሳይቈዩ ሲቀሉና ሲጠወልጉ ታያላችሁ፤ ያቀፏቸው ቅጠሎች ግን ለብዙ ወራት ውበታቸውን ይዘው ይቈያሉ፤ ቀለማቸውም በትውልድ አገራቸው ሃሚንግበርድ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ለመጥራት የተሰጠ ነው።

ተክሉ ጐልምሶ ሳለ አላብብ ያለ እንደ ሆነ፣ የቈየ ዘዴ አለ። በአሶር ደሴቶች አናናስን በመስታወት ቤት የሚያሳድጉ ገበሬዎች፣ ጢስ ያገኘው ተክል ፈጥኖና በአንድነት እንደሚያብብ ካወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ምክንያቱም በጢሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ ከበሰለ ፖም ስለሚወጣ፣ ጽዋውን ደፍቶ ተክሉን ከአንድ የበሰለ ፖም ጋር በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስሮ፣ ፀሐይ በማይነካው ስፍራ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ማቈየት ይበቃል፤ አበባው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ይታያል። ገና ልጅ የሆነውን ተክል በዚህ ዘዴ ማስገደድ ግን ትርፉ ደካማ አበባ ስለሆነ አልመክርም።

አንድ የቅጠል ዙሪያ የሚያብበው በዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካበበ በኋላ ከመካከሉ አዲስ ቅጠል አያወጣም፤ ቀስ በቀስ ያረጃል። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የሚኖረው የዚሁ ነገድ ታላቅ፣ ፑያ ራይሞንዲ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳያብብ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከምድር እስከ ጫፉ 10 ሜትር የሚደርስ የአበባ ዐምድ አቁሞ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል፤ ከጐኑ የሚተካው ልጅ የለውም። በቤታችን ያሉት ግን እንዲህ አይደሉም። እናቲቱ አበባዋ ከጠወለገ በኋላ አንድ ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ዓመት በሕይወት ትኖራለች፤ በዚህም ጊዜ ያላትን ኃይል ሁሉ ከግርጌዋ ለሚበቅሉት ልጆች ትሰጣለች። የደረቀውን የአበባ አገዳ ብቻ ከሥሩ ቈርጦ ማንሣት፣ ጽዋዋንም እንደ ቀድሞው መሙላት፣ ብርሃኗንም አለመከልከል የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ልጁ የእናቱን ቁመት ሲሶ ወይም እኩሌታ ሲያህል፣ በተሳለና በንጹሕ ቢላዋ ወደ እናቱ ግንድ አስጠግቶ መቍረጥ፣ ቍስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን በጥላ ማሳደር፣ ከዚያም ግርጌው ብቻ እስኪሸፈን በትንሽ ማሰሮ መትከል ነው፤ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ በቀጭን እንጨት ይደገፍ። ፈጥኖ የተቈረጠ ልጅ ብዙ ጊዜ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው አንድ ወር ቢጨምርለት አይጐዳም። መልካም አያያዝ ያገኘ ልጅ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ያብባል።

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ አድማጮች፣ በቤታችሁ አበባው የጠወለገ ብሮሜሊያድ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመጣላችሁ በፊት የታችኞቹን ቅጠሎች ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ጣት የምታህል ሐመልማል ቡቃያ ካገኛችሁ፣ ጽዋውን ሙሉት፣ ጥቂት ወራትም ታገሡት፤ ሁለት ልጆች የወለደላችሁ እንደ ሆነም፣ አንዱን አስቀርታችሁ ሁለተኛውን ከአያያዙ ትምህርት ጋር ለጐረቤታችሁ ስጡልኝ።